«የአለቃዬን የይለፍ ቃል ለዩቱበሩ ልስጠው?»

ከአንዲት አንባቢያችን የደረሰን ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አክሲዮን ማኅበር ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ከዓምና ጀምሮ እጄ ላይ የሚደርሱት የግዢ ሰነዶች እንቅልፍ ነስተውኛል። ለእያንዳንዱ ግዢ ከተለያዩ አቅራቢዎች ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይቀርባል፤ ሦስቱም ግን የአንድ ሰው ሥራ ናቸው። ማኅተሙና ስልኩ ይለያያል እንጂ የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር አንድ ነው። ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ድርጅት የሥራ አስኪያጁ የሚስት ወንድም ንብረት መሆኑን ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል። ተከፍሎበት መጋዘን ያልገባ ዕቃም አለ። ለቅርብ ኃላፊዬ ባነሳባት “ሥራሽን ሥሪ” አለችኝ። ባልደረቦቼ “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” እያሉ ይስቁብኛል። በዚህ መሐል ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ዩቱበር በሰው በኩል አገኘኝ። ሰነዶቹን ይፈልጋል፤ የሥራ አስኪያጁን የኢሜይል የይለፍ ቃልም ጠየቀኝ። ጸሐፊያቸው በሌለች ጊዜ የምከፍትላቸው እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። “ድምፅሽን እቀይራለሁ፣ ስምሽ አይወጣም፣ አገር ይንቀጠቀጣል” ይለኛል። ሁለት መቶ ያህል ሰው እንጀራ የሚበላበት ቤት ነው። ዝም ብል ህሊናዬ አይፈቅድም፤ ብናገር ደግሞ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መልሴን ከፊት ላስቀድመው። የይለፍ ቃሉን ለማንም አትስጪ። ለዚህ ሰው ሰነድም አትስጪው። ዝም ግን አትበዪ። የጻፍሽው ሁሉ እንደጻፍሽው ከሆነ ከባለአክሲዮኖች ኪስ እየወጣ ያለ ገንዘብ ነው፤ ነገ ደግሞ ከሠራተኛው ደመወዝና ጉርሻ የሚጎድል። ይህን አይቶ እንቅልፍ ማጣት የጤነኛ ሰው ምልክት ነው፤ የሚስቁብሽ ሰዎች እንዲያሳፍሩሽ አትፍቀጂላቸው።

«አገር ይንቀጠቀጣል» የሚለውን ስትጽፊልኝ አንድ የአሜሪካ ታሪክ ትዝ አለኝ። ካንቺ ጉዳይ ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

ቺኪታ የተባለው የሙዝ ኩባንያ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዋና መሥሪያ ቤቱ በኦሃዮዋ ሲንሲናቲ ከተማ ነበር። በሜይ 3 ቀን 1998 የከተማዋ ጋዜጣ ሲንሲናቲ ኢንኳየረር ስለ ኩባንያው 18 ገጽ ልዩ እትም አወጣ። ከባድ ነገር ነበር የያዘው። ኩባንያው በላቲን አሜሪካ ነፃ የሚመስሉ ድርጅቶችን በሽፋን እንደሚቆጣጠር፣ በኮሎምቢያ ለባለሥልጣናት ጉቦ እንደተሰጠ፣ በእርሻዎቹ የሚረጨው ፀረ ተባይ ሠራተኛውንና የአካባቢውን ሰው እንደሚጎዳ ይዘረዝራል። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ጁን 28 ላይ ያው ጋዜጣ በፊት ገጹ ትልቅ ይቅርታ ጠየቀ፣ ዘገባውን ሻረ፣ ለኩባንያውም ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ።

ምን ተፈጠረ? ዋናው ዘጋቢ ማይክ ጋላገር የኩባንያውን ኃላፊዎች የስልክ የድምፅ መልእክት ሳጥን ያለ ፈቃድ ገብቶ ሲያዳምጥ ነበር። ወደ ሳጥኑ እንዲገባ የረዳው የኩባንያው የቀድሞ ጠበቃ ነው። እዚህ ላይ ቆም በዪና አስቢ፤ አንቺ የተጠየቅሽው ይኸንኑ ነው። ዘገባው በታተመበት ሰሞን መነጋገሪያው ጉቦውና ፀረ ተባዩ መሆን ሲገባው ወሬው ሁሉ ስለ ተሰረቀው የድምፅ መልእክት ሆነ። ኩባንያው ከተከሳሽነት ወጥቶ ተበዳይ ሆነ። ጋላገር ጥፋተኛነቱን አምኖ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተባበረ፤ ሲተባበርም የረዳውን ሰው ስም አሳልፎ ሰጠ። ያ ጠበቃ በወንጀል ተከሰሰ፤ ክሱን ሳይቃወም ቀርቶ በቀላል ወንጀል ተቀጣ። ምስጢሬን አወጣችሁብኝ ብሎ ጋዜጣውን ቢከስም ተረታ። «ስምሽ አይወጣም» የሚለው ቃል መርማሪ ፊት ሲቀርብ ምን ያህል እንደሚጸና ከዚህ መገመት ትችያለሽ።

የኩባንያው ጥፋት ግን ውሸት አልነበረም፤ ቢያንስ በከፊል። በ2001 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ፣ የኩባንያው ቅርንጫፍ በኮሎምቢያ ለጉምሩክ ሰዎች ለከፈለው ገንዘብ 100 ሺህ ዶላር ቀጣው። በ2007 ደግሞ ጋዜጣው ባልነካው ሌላ ጉዳይ፣ በኮሎምቢያ ለአንድ ነፍሰ ገዳይ የታጠቀ ቡድን ለዓመታት ገንዘብ መክፈሉን አምኖ 25 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። በ2024 የፍሎሪዳ ፍርድ ቤት ዳኞች ያ ቡድን ለገደላቸው ሰዎች ቤተሰቦች ኩባንያው 38.3 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰኑ። ከዚያ የጋዜጣ እትም ይህ ፍርድ እስኪመጣ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ። የመጀመሪያው ዘገባ ንጹሕ በሆነ መንገድ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ያኔውኑ ሌሎች ይዘውት ጥያቄውን በቀጠሉ ነበር ብዬ አምናለሁ። በእኔ እምነት ኩባንያውን ለዓመታት ያተረፈው ያ የስልክ ስርቆት ነው።

በእኛም አገር የሰው ኢሜይል ያለ ፈቃድ መክፈት ወንጀል ነው፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። የይለፍ ቃሉን ያወቅሽው ለሥራ ታምኖብሽ ነው። ለሌላ ሰው አሳልፈሽ የሰጠሽ ቀን ሥራ አስኪያጅሽ ስለ ፕሮፎርማው መልስ መስጠት አያስፈልገውም፤ አንቺን ይከስሻል። ጠበቃው ከዚህ የተሻለ ስጦታ አያገኝም።

ሌላም ነገር አለ። ያ ዩቱበር የሚኖረው በዕይታ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ላይ የተደጋገመ የፊደል ግድፈት ላንቺና ለእኔ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ለእሱ ተመልካች ግን አሰልቺ ወረቀት ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር ይጨምርበታል። የሰውየውን ቤትና መኪና፣ ሚስቱን፣ ልጆቹ የሚማሩበትን፣ አንዳንዴም የመጣበትን ብሔር ያነሳል። ያኔ ነገሩ ከግዢ ክፍል ወጥቶ የሰፈርና የወገን ጠብ ይሆናል። እስከ ትናንት ሥራ አስኪያጁን የሚያማው ሠራተኛ «ወገናችን ተነካ» ብሎ ሊቆምለት ይችላል። መጋዘን ያልገባው ዕቃ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም። ቪዲዮው በወጣ ሌሊትም መጀመሪያ የሚጠፋው ሰነዱ ነው፤ መርማሪ ሲደርስ ፋይሉ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። ከዚህ የባሰም አለ፦ ሰነዱን ይዞ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄዶ «ላለማውጣት ስንት ትሰጠኛለህ» የሚል ሰው ቢሆንስ? ይህ ሰው እንዲያ ነው አልልም፤ አላውቀውም። አንቺም አታውቂውም።

የ2011 ዓ.ም. ኅዳርን ታስታውሺው ይሆናል። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ያለ ጨረታ ወደ 37 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የውጭ ግዢ መፈጸሙን ተናገሩ። በማግሥቱ የቀድሞው ዋና ዳይሬክተር ተይዘው በሄሊኮፕተር ሲመጡ፣ በካቴና ታስረው ሲወርዱ አገር በቴሌቪዥን አየ። ዛሬ ማንንም ብትጠይቂ ካቴናውንና ሄሊኮፕተሩን ይነግርሻል። አንድ የመንግሥት ኮርፖሬሽን ለዓመታት ያለ ጨረታ ሲገዛ ቦርዱ የት ነበር፣ ብሩን የለቀቁት ባንኮች ምን ጠየቁ፣ ኦዲተሩ ምን ጻፈ ብትዪ ግን የሚመልስልሽ ጥቂት ነው። ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይኸኛው ነበር፤ ምክንያቱም ሰው ቢታሰርም በሩ እንደተከፈተ ከቀረ ሌላ ይገባበታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋቱ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ይደነግጋል፤ ፍርዱ በስክሪን ላይ ቀድሞ ሲሰጥ ፍርድ ቤቱም ሕዝቡም ይጎዳሉ።

ሚዲያው በማዋረድ ብቻ አይደለም የሚያሳስተው፤ በማወደስም ያሳስታል። ቴራኖስ የተባለውን የአሜሪካ የደም ምርመራ ኩባንያ ሰምተሽ ይሆናል። ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጥቂት ደም ብዙ ዓይነት ምርመራ እሠራለሁ ይል ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. ፎርቹን መጽሔት መሥራቿን ኤልዛቤት ሆልምስን በሽፋኑ አወጣት፤ ፎርብስ ሀብቷን 4.5 ቢሊዮን ዶላር ብሎ ገመተ። መሣሪያው ግን እንደተባለው አይሠራም ነበር። ይህን ካወቁት አንዷ ኤሪካ ቻንግ የምትባል ወጣት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ብዙም አልቆየችም ነበር። ለአለቆቿ ተናገረች፤ አልሰሟትም። ሥራዋን ለቀቀች። በ2015 ላቦራቶሪዎችን ለሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በዐይኗ ያየችውን ጽፋ ላከች። መሥሪያ ቤቱ መርማሪዎቹን ላከ፤ ችግሩ የሕመምተኞችን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል መሆኑን አረጋገጠ። በዚያው ሰሞን ዎል ስትሪት ጆርናል ከሠራተኞች ያገኘውን መረጃ እያመሳከረ፣ ኩባንያውንም መልስ እየጠየቀ አንድ በአንድ አተመ። በ2016 ፎርብስ የሆልምስን ሀብት ዜሮ ብሎ አረመው። በ2022 ከ11 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደባት።

ከዚህ ውስጥ እንድትይዢልኝ የምፈልገው የዚያችን ልጅ ደብዳቤ ነው። ስድብ ወይም ወሬ ሳትቀላቅል ያየችውን ብቻ፣ ማየት ለሚገባው መሥሪያ ቤት ጻፈች። ያንቺም ደብዳቤ እንደዚያ ይሁን።

አሁን ወደ ሥራሽ። ደብዳቤሽ ላይ ያላነሳሽው ነገር ግን ከሁሉ በፊት ያስጨነቀኝ፣ በእነዚያ የክፍያ ቫውቸሮች ላይ «አዘጋጅ» በሚለው ቦታ የማን ፊርማ አለ? ያንቺ ከሆነ፣ ነገሩ ሲፈነዳ መጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ሥራ አስኪያጁ «ሒሳብ ክፍሉ አረጋግጦ ነው ያቀረበልኝ» ይላል፤ ወረቀቱም ይደግፈዋል። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ የዕቃ መረከቢያ ሰነድ ያልተያያዘበት ክፍያ አታዘጋጂ። በቃል አትከራከሪ፤ «የመረከቢያ ሰነድ ስላልተያያዘ ተመልሷል» ብለሽ በማስታወሻ ጽፈሽ፣ ቀን ጨምረሽ መልሺው። ይህ ሥራሽ ነው፤ ማንም በዚህ ሊከስሽ አይችልም። የቅርብ ኃላፊሽ «ዝም ብለሽ አዘጋጂ» ካለችሽ በጽሑፍ ትስጥሽ። አብዛኛው ሰው በቃል የሚያዘውን በጽሑፍ ለማዘዝ ያመነታል።

ያየሽውን በቤትሽ በአንድ ደብተር መዝግቢ፦ የቫውቸር ቁጥር፣ ቀን፣ የገንዘቡ መጠን፣ የአቅራቢው ስም፣ ምን እንደጎደለው። ዋና ሰነድ ከቢሮ አታውጪ፤ በቢሮ ኢሜይል ወደ ራስሽ አትላኪ፤ በቴሌግራም ለጓደኛ አታጋሪ። ኮፒ መያዝ ትችያለሽ ወይስ አትችዪም የሚለውን ጠበቃ ጠይቂ፤ እኔ ከዚህ ሆኜ ልወስንልሽ አልፈልግም። ደብተሩ ግን የራስሽ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ከማስታወስ የበለጠ ይጠቅምሻል።

ከዚያ በኋላ የምትጽፊው ለማን ነው? የድርጅትሽ የውስጥ ኦዲት ክፍል ሪፖርቱን ለማን እንደሚያቀርብ አጣሪ። ለሥራ አስኪያጁ ከሆነ እዚያ አትሂጂ። ለዳይሬክተሮች ቦርድ ወይም ለቦርዱ የኦዲት ኮሚቴ ከሆነ መጀመሪያው በር እሱ ነው። የቦርዱ ሰብሳቢም የዘመድ አዝማድ ነገር ካለበት ሌላ የቦርድ አባል ፈልጊ። ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ በር ደግሞ የውጭ ኦዲተሩ ነው። እሱን የሚሾመው የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ነው እንጂ ሥራ አስኪያጁ አይደለም። ኦዲተር ሁሉን ቫውቸር አያይም፤ በናሙና ነው የሚመለከተው፤ የተበላሹት በናሙናው ውስጥ ካልወደቁ ያልፉታል። ቢሯችሁ መጥቶ ሲጠይቅሽ፣ በትክክል የትኞቹን ቁጥሮች እንዲያይ ንገሪው። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ነገር ማድረግ የምትችል አይመስለኝም።

ስትጽፊ «ሥራ አስኪያጁ ሌባ ነው» አትበዪ። «በእነዚህ ቫውቸሮች የተከፈለባቸው ዕቃዎች መረከቢያ የላቸውም፤ የቀረቡት ሦስት ፕሮፎርማዎች ተመሳሳይ ግድፈት አላቸው፤ እንዲጣራ እጠይቃለሁ» በዪ። የሚስት ወንድም የሚለውን በንግድ ምዝገባ ያላረጋገጥሽው ከሆነ «ይባላል» ብለሽ እንኳ አትጨምሪው፤ አጣሪው ይድረስበት። ምናልባት መረከቢያው ሌላ ቦታ ተቀምጦ፣ ዕቃው በቀጥታ ወደ ሥራ ቦታ ሄዶ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ አንቺም ማንንም አልበደልሽም፤ ሰውየውም አልተዋረደም።

የውስጡ በር ከተዘጋ ወደ ሕግ ሂጂ። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 መንግሥት መሥሪያ ቤትን ብቻ የሚመለከት ይመስላቸዋል ብዙ ሰዎች። አዋጁ ግን «ሕዝባዊ ድርጅት» ብሎ ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ የግሉ ዘርፍ ድርጅቶችንም ያካትታል። ያንቺ ድርጅት አክሲዮን ለሕዝብ ሸጦ የተቋቋመ ከሆነ ይህ በጣም ይመለከትሻል። ጥቆማውን ለፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ወይም ለፖሊስ ማቅረብ ትችያለሽ። በአዋጅ ቁጥር 699/2003 ለወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች የተደነገገ ጥበቃም አለ። ጥበቃው ከባድ ቅጣት ለሚያስከትሉ ወንጀሎች ስለሆነ ያንቺ ጉዳይ ይገባ እንደሆነ ጠይቂ። ለፍትሕ አካል ጥቆማ የሰጠ ሰው ይህን ጥበቃ መጠየቅ ይችላል፤ ለዩቱበር የሰጠ ግን የሚጠይቅበት ቦታ የለውም።

ጋዜጠኛ ሁሉ ይቅር እያልኩሽ አይደለም። ያ ሁሉ በር ተንኳኩቶ መልስ ከጠፋ የሚዲያ ሰው ያስፈልጋል፤ በዓለም ላይ ብዙ የድርጅት ሌብነት የተጋለጠው በጋዜጠኞች ትዕግሥት ነው። ደግ ጋዜጠኛ ስትፈልጊ አነጋገሩን ተመልከቺ። «ይህን እንዴት አወቅሽ? ሌላ ማን ያውቃል? አንቺ ተሳስተሽ ሊሆን ይችላል?» ብሎ ያስጨንቅሻል። ከማተሙ በፊት ሥራ አስኪያጁን መልስ እንደሚጠይቅ ይነግርሻል። የይለፍ ቃል አይጠይቅሽም፤ ገንዘብ አይሰጥሽም፤ ገንዘብ አይቀበልሽም። ለጊዜው ለዚያ ሰው የምትሰጪው መልስ አጭር ይሁን፦ «የምሰጥህ ነገር የለኝም።» ምክንያት አትዘርዝሪለት፣ በስልክ አትሟገቺው፤ ንግግርሽን ሊቀዳው ይችላል። እስካሁን የተጻጻፋችሁትን ግን አታጥፊው።

ስለ ሁለት መቶዎቹ ሠራተኞች መጨነቅሽ ልቤን ነክቶታል። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ የሠራተኛውን እንጀራ አደጋ ላይ የጣለው ዕቃ ሳያስገባ ያስከፈለው ሰው ነው እንጂ ያስተዋለችው የሒሳብ ሠራተኛ አይደለችም። ጉዳዩ በቦርድ ወይም በሕግ ሲጣራ ድርጅቱ ሥራውን እየሠራ ነው የሚጣራው። በቪዲዮ ሲፈነዳ ግን ደንበኛው ይሸሻል፣ ባንክም ይጠራጠራል፤ ምንም ያላጠፋው የመጋዘን ሠራተኛም አብሮ ይጎዳል።

ሥራሽን ብታጪስ? ይህን ፍርሃት አቃልዬ አላልፈውም። ባለሽበት የቤት ኪራይና ኑሮ አንድ ደመወዝ መቅረት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26፣ ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ስላቀረበ ወይም በፍርድ ቤት ነገር ስለተሳተፈ ብቻ ከሥራ ሊሰናበት አይችልም ይላል። ሕጉ አለ ማለት አይነኩሽም ማለት አይደለም። በሌላ ሰበብ ሊያስወጡሽ ይሞክሩ ይሆናል፤ ስለዚህ በእነዚህ ወራት ሰዓት አታርፍጂ፣ ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቂ፣ የሥራ ውልሽን፣ የደመወዝ ሰነድሽንና የምዘና ውጤትሽን ቤትሽ አስቀምጪ። ደብዳቤውን ከማስገባትሽ በፊትም አንድ ጠበቃ አማክሪ፤ የጥቂት ሰዓት ምክር ዋጋው ቢከብድም ተበድረሽም ቢሆን አድርጊው። ከሥራ ካሰናበቱሽ ደግሞ ቀኑን ጻፊ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ብዙ ሰው በሽማግሌ እርቅ ሲጠብቅ ይህ ጊዜ ያልፍበታል። አንቺ ሽማግሌ ብትልኪም ክሱን ከጊዜው አታሳልፊ።